ስድስተኛው ካሴት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ልጅቷን ዋሽቼ መለስኳት።

መቅደስ ትባላለች። የባሌ የአንዳርጌ ተማሪ ናት፣ የክፍላቸው ተጠሪ። ከኮሌጁ በእግሯ መጥታ፣ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ፣ "እትዬ የሺ፣ ስድስተኛውን ካሴት ለመጠየቅ ነው። የዛሬ ሳምንት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜያችን ነው። አምስቱን በስልካችን ቀድተናቸዋል፣ ያኛውን ግን መምህር አልሰጡንም ነበር" አለችኝ። የለም አልኳት። አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሹራቡ ሥር ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ውሸት ስንት ጊዜ ምክር ሰጥቻለሁ፣ ወይ ጉድ!

ግን እኔ ሳልሰማው እሷ ለምን ትሰማዋለች?

ባሌ ከሞተ ዛሬ ሠላሳ አምስት ቀኑ። ደም ግፊት ነው አሉ። ጠዋት ጫማውን ሲያስር። አንደኛውን አስሮ ሁለተኛውን ሳያስር።

ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም ነበር። ጻፍኩት።

ካሴቶቹ ስድስት ናቸው። የፈረንጆቹን ሙዚቃ ታሪክ ከዘመነ አብርሆት ጀምሮ በአማርኛ ያስተማረባቸው ናቸው። ትንሽ ይናገራል፣ ሙዚቃውን ያስገባል፣ ደግሞ ይናገራል። በዚህ ዘመን በካሴት ማን ይቀዳል ስለው "ስልክ ይከዳል፤ ካሴት ግን ጥርሱን ከሰበሩለት አይከዳም" ይለኝ ነበር። ካሴት ጀርባው ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። አንድ ትምህርት ጨርሶ ሲረካ ጥርሱን በእርሳስ ጫፍ ቀጭ ያደርግና "በቃ፣ ይህ አለቀ" ይላል። ያቺን ቀጭታ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር።

በእጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላሉ፦

1 — ሎሌው
2 — ሳይጨርስ የሞተው
3 — ደንቆሮው
4 — አፈር ይዞ የተሰደደው
5 — መቶ ሰው በአንድ መድረክ
6 — ምንም አልተጻፈበትም። ጥርሱም አልተሰበረም።

በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር አንዱንም አልሰማሁለትም። "አንዴ ስሚልኝ" ሲለኝ "በኋላ"። ደብተር አርማለሁ፣ ወጥ አማስላለሁ፣ ራሴን ያመኛል። በኋላ፣ በኋላ። ያ ሙዚቃው ደግሞ እውነቱን ለመናገር ይሰለቸኝ ነበር። አያልቅም።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

እማማ ጥሩወርቅ ሰምተዋል።

የአንዳርጌ እናት ናቸው። ለቀብር ከአገራቸው ከቁይ መጥተው፣ ከአርባው በፊት አልሄድም ብለው ሳሎን ፍራሽ ላይ ናቸው። ጆሯቸው ይከብዳል። "እማማ፣ ምሳ!" ብዬ ሦስት ጊዜ ካልጮህኩ አይሰሙኝም። መቅደስ በር ላይ ያንሾካሾከችውን ግን አንድ ቃል አላመለጣቸውም። ዛሬ ሽንኩርት እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "የልጄ ድምፅ አለ ለካ እዚህ ቤት" አሉኝ።

"አለ እማማ።"

"ደብቀሽኝ።"

ምን ልበል? አልደበቅኩም ብል ሁለተኛ ውሸት ነው። ሙዚቃ አለበት አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው። የሐዘን ቤት ነው። ቴሌቪዥኑን እንኳን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረነዋል። ከአርባው በፊት ከዚህ ቤት አንዲት የክራር ድምፅ ብትሰማ "ባሏን ቀብራ ትጨፍራለች" ለመባል ነው። ቫዮሊን ሲሆንማ!

"ሙዚቃውን ዝለይውና እሱን ብቻ አምጪልኝ" አሉ። ከምስር ላይ ጠጠር መልቀም መሰላቸው። ደግሞ ድምፁ ከፍ ካላለ እሳቸው አይሰሙም፣ ከፍ ካለ ሰፈሩ ይሰማል።

"የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ" አሉና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላው አላውቅም፣ እንባቸው እየወረደ ነበር።


ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ዛሬ እማማ ለጾም ቅዳሴ ሄደው ቤቱ ባዶ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ቴፑን አወረድኩት። አሮጌ ነው፣ ጥቁር። የቁልፎቹ ጽሑፍ በጣቱ ብዛት ጠፍቷል። ሲቀዳ የሚበራው ቀይ መብራትም ከተቃጠለ ቆየ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነበር፣ ባለቤቱ ደግሞ የለም። በሙከራ አገኘሁት፤ ዳር ያለው ያቆማል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ያሰማል፣ ሁለቱ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ያሳልፋሉ። ሌላው ምን ቸገረኝ አልኩ።

ጆሮዬን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጥፌ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ካሴት ከፈትኩ።

አፈር ስሆን። እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና "እንደምን ዋላችሁ" አለ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። የሚቀጥለውን ስላልሰማሁት መልሼ ሰማሁ።

ሙዚቃ እንዳይሰማ ዘዴ አገኘሁ። ሙዚቃውን ሊያስገባ ሲል ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል። ሁልጊዜ ነው። ትንፋሹን ሲስብ አቆማለሁ፣ አሳልፌ እከፍታለሁ፣ ሙዚቃው ካላለቀ እንደገና አሳልፋለሁ። ሒሳብ አስተማሪ መሆኔ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። እንዲህ እየዘለልኩ ከሦስት ካሴት የባሌን ድምፅ ለቀምኩ።

ሎሌው የሚለው የመሳፍንቱን ሙዚቀኛ ነው። የጌታውን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ታዝዞ የሚጽፍ። "አዝማሪ ግብር ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ ነበር? እሱም እዚያው ነበር" ይላል አንዳርጌ። ከዚያ አንዱ ጌታውን ጥሎ ወጥቶ ራሱን ችሎ ሊኖር ሞከረ። የሙታን ጸሎት ጻፍ ተብሎ ሲጽፍ፣ ገና በጎልማሳነቱ፣ ሳይጨርሰው ሞተ። ተማሪው ጨረሰለት። የትኛው የመምህሩ፣ የትኛው የተማሪው እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ አለ። "ሳይጨርሱ መሞት ነውር አይደለም" አለ ደግሞ። በምን አፍህ! እኔ ልንገርህ፣ ነውር ነው።

ሦስተኛው ላይ ስለ ደንቆሮው ሙዚቀኛ ይናገራል። ያ ትልቁ ሥራው ሲቀርብ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር አሉ፣ አንዲት ዘፋኝ እጁን ይዛ እስክታዞረው። ከዚያ አንዳርጌ እንዲህ አለ፦ "እኔ እሱን ሳስብ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ማኅሌቱን አትሰማውም። ግን መቋሚያው ሲነሳና ሲወርድ አይታ የት እንደደረሱ ታውቃለች።"

ይህን እማማ መስማት አለባቸው።

ስድስተኛውን አልነካሁትም። እሱን አብረን።


ሐሙስ፣ ሰኔ 12

እጄን በቆረጠው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልጻፍኩት አላምነውም።

ሚካኤል ነው ዛሬ። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ደስ ብሏቸው ተመለሱ። አባ "የልጅሽ ድምፅ ዘፈን አይደለም፣ ስሚው። ዘፈኑን ግን ከአርባው በኋላ" ብለዋቸዋል። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ጎረቤት ምንም አይሰማም፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ብዬ በሩን ዘጋሁ። ሦስተኛውን፣ ስለሳቸው ያለበትን አሰማኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙ። "ያየኝ ነበር ለካ ይሄ ልጅ" አሉ።

ከዚያ ስድስተኛውን ከተትኩ።

ስለ ጦርነቱ ዘመን ጀመረ። ሙዚቀኞቹ ከአገር አገር ሲሸሹ፣ ዜማው ሲሰባበር፣ ሰው ለመስማት ገብቶ ሲደባደብ። ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ሳይስብ ሙዚቃው ከድምፁ ሥር ገባ! የማላውቀው ነገር፣ ቫዮሊኖች እንደ ተደናገጠ ሰው የሚጮሁበት። "ኧረ ዝጊው! ኧረ በሚካኤል!" አሉ እማማ። ዘጋሁ። ብዙ አሳልፌ ከፈትኩ። እሱ ሆነ።

"...እኛም እንሞክረው" አለ። "ዝምታ ማለት..."

"ልጄ!" ብለው እማማ ወደ ቴፑ ተወረወሩ። ራሳቸውን የሚስቱ መስሎኝ አቆምኩት። ውኃ አጠጣሁ፣ ግድግዳ አስደገፍኳቸው። "ቀጥይልኝ፣ አልጮህም" አሉ። ዓይኔ እሳቸው ላይ፣ እጄ ቴፑ ላይ ሆኖ ቁልፉን ተጫንኩ። ካሴቱ ዞረ።

ድምፅ የለም። ጠበቅን። "ቆዩ እማማ፣ ይመጣል" አልኩ። ዝናቡ ብቻ። እማማ ጥቂት ታገሡና በቀስታ ማንጎራጎር ጀመሩ፣ እንደ ቀብሩ ዕለት፦

ለሰው ልጅ ሁሉ ስታወራ ኖርህ፣
ምነው ለእናትህ ድምፅህን ሰወርህ።

አላስቆምኳቸውም። እኔም አልቅሻለሁ። አራት አምስት ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም፣ ቴፑን ቀና ብዬ ባይ ሁለት ቁልፍ ወርዷል። አንድ መውረድ ሲገባው ሁለት። የተጫንኩት መቅጃውን ነው። መቅጃው ሲጫኑት ማሰሚያውን አብሮ ይዞት ይወርዳል። ጥርሱ ያልተሰበረ ካሴት!

ባሌ ሲናገር እኔ በላዩ ላይ ዝናብ ቀዳሁበት።

ባትሪውን ነቅዬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ የተረፈ ይኑር አይኑር ለማየት ወኔ አጣሁ። እማማ "ምን ሆነ?" ሲሉኝ "እርስዎ ባይጮሁ!" አልኳቸው። ጮክ ብዬ፣ ደህና አድርገው እንዲሰሙት።


አርብ፣ ሰኔ 13

እማማ አኩርፈው አይደለም፣ እሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ሳሎኑን ጠርገው፣ ልብሴን አጥበው፣ "ልጄ፣ ቅመሺ" ይሉኛል። ይቅርታ እንኳን ለመጠየቅ አላመቹኝም።

መቅደስ ለነገው ተዝካር ልርዳ ብላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ጓሮ ድንች ስንልጥ እውነቱን ነገርኳት። እንደዋሸኋት፣ ከዚያም እንዳጠፋሁት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና "እትዬ፣ ለምን እንዳልሰጡን ያውቃሉ?" አለች።

አላውቅም።

"ስንጨቀጭቃቸው 'መጀመሪያ የምታደምጠው ሰው አለች፣ እሷ ካልሰማችው አልሰጥም' አሉን። እኛ ደግሞ 'መቼ ትሰማለች?' ስንል 'ሥራ ይበዛባታል፣ እጠብቃታለሁ' ብለው ሳቁ።"

ድንቹ ከእጄ ወደቀ።

አሁን ትዝ አለኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። የፈተና ወረቀት ሳርም በሩ ላይ ቆሞ "የሺ፣ ይቺ እንኳን ሙዚቃዋ አጭር ናት፣ ብትሰሚያት ትስቂያለሽ" አለኝ። ቀና አላልኩም። ቀይ እስክሪብቶዬን እንኳን አላስቀመጥኩም። "በኋላ" አልኩት።

ጥርሱን ያልሰበረው እኔን ሲጠብቅ ነው። በኔ ምክንያት ሳይሰበር ቆየ፣ በኔ እጅ ጠፋ። ሒሳብ ነው ይሄ፤ እንዴትም አድርጌ ብሠራው መልሱ እኔ ነኝ።

ልጅቷ "የቀረውን ሰኞ ያምጡልን" አለች። የቀረ ካለ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አርባው። ፍትሐቱ፣ ድንኳኑ፣ ሽሮው፣ ሰዉ። ድስት ተበድረን የማን እንደሆነ ጠፍቶን ነበር፣ በመጨረሻ የራሳችን ሆኖ ተገኘ። እማማ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወዲያው አፈርኩ።

ካህናቱ ሲያዜሙ እማማን አየኋቸው። ዓይናቸው የካህናቱ ከንፈር ላይ ነው። የት እንደደረሱ ያውቃሉ። ልክ እሱ እንዳለው።

ደክሞኛል።


እሑድ፣ ሰኔ 15

እማማን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የቁይ መኪና እስኪሞላ ጎናቸው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "እማማ፣ ሐሙስ የተናገርኩዎት..." ስል እጄን ጨበጥ አድርገው ያዙ።

"የቱን? አልሰማሁም እኮ" አሉ።

ሰምተዋል። እግዜር ያውቃል ሰምተዋል።

"ብቻ ልጄ" አሉ፣ "እኔ የትናንትናውን ይዤ አልኖርም። 'እኛም እንሞክረው' አለኝ። እኔ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። አንቺ የቀረውን ስሚለት። ጠብቆሻል አሉ።"

መቅደስ ነግራቸዋለች ማለት ነው። ያቺ ልጅ አፏ አያርፍም።

ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን ወደ ቦታው አዞርኩት። አርባው አልፏል፣ አሁን ማንም አይከለክለኝም። ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ብቻዬን አልቻልኩም። የመቅጃውን ቁልፍ ግን በፕላስተር አሸግኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።


ሰኞ፣ ሰኔ 16

ከኮሌጁ አሁን ተመለስኩ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ መስኮቱ አንዱ አይዘጋም። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ሲያዩኝ ተነሡ። ቁጭ በሉ አልኳቸው። "ይህን ካሴት አበላሽቼዋለሁ። ከተረፈው አብረን እንስማ" ብዬ ቁልፉን ሁለቴ አይቼ ተጫንኩ።

ጦርነቱ። ስደቱ። ከዚያ እኛ የዘጋነው ሙዚቃ፣ እስከ መጨረሻው። አስፈሪ ነው፣ ግን አያሰለችም። ለካ አያሰለችም። ከዚያ ሐሙስ ዘልዬው የነበረውን ተናገረ። አንድ አሜሪካዊ ነበር አለ። የጻፈው ሥራ ሲቀርብ ፒያኖ የሚጫወተው ሰው መጥቶ ተቀመጠ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል አንድም ቁልፍ ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። ሰው ተቆጣ። ግን እስከዚያ ውጭ ነፋስ ነበር፣ ጣራው ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ብሏል፣ ሰዉ አጉረምርሟል። ሥራው ያ ነው አለ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የተሰማው ሁሉ።

"ሚስቴ ይህን ብነግራት 'ለዚህ ደግሞ ትኬት ገዙ?' ትለኛለች" አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ነበር የምለው።

"አሁን ካሴቱን ዝም ብዬ አስኬደዋለሁ። እናንተ አድምጡ። እኛም እንሞክረው። ዝምታ ማለት..."

ቀጭ።

ዝናብ። የቤታችን ቆርቆሮ ላይ። የኔ ድምፅ፣ "ቆዩ እማማ፣ ይመጣል።" ውሻ፣ ሩቅ። ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ፣ በቀስታ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ስታወራ ኖርህ። መቅደስ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከኋላ አንዱ ልጅ ቆቡን አወለቀ። ልዘጋው ነበር፣ ተውኩት።

ቀጭ። ደግሞ ባዶ። ካሴቱ ይሽከረከራል፣ ምንም የለም። አለቀ ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በቃ" አለ አንዳርጌ። "የሰማችሁትን ጻፉ።"

ልጆቹ ጎንበስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። የታዘዙትን ነው ያደረጉት፣ የመምህራቸውን የመጨረሻ ትእዛዝ። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።

ያጠፋሁት ዝምታ ነበር። ብዙው ዝምታ ነበር። ግን "ዝምታ ማለት" ብሎ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር አጥፍቼዋለሁ፣ እሱን ማንም አይመልሰውም። አንድ መሥመር ይሁን ሦስት አላውቅም። ምን ሊል ነበር? መቅደስን ጠየቅኋት፣ አታውቅም። ይህን ይዤ እኖራለሁ እንግዲህ።

ጓደኞቿ ጽፈው እስኪጨርሱ ጠብቃ ልጅቷ ወረቀት አቀበለችኝ። "እትዬም ይጻፉ እንጂ" አለች። ጻፍኩ፦

ዝናብ።
እናቱ።
እኔ፣ "ይመጣል" ስል።

ካሴቱን በስልካቸው ቀዱት፣ እንዳለ፣ ከነእማማ ልቅሶ። ቤት ገብቼ ከብዕር ማስቀመጫው ውስጥ እርሳሱን ፈለግሁ። ጥርሱን ሰበርኩት። ቀጭ አለ፣ ልክ ከወጥ ቤት እንደምሰማው።